አርት ፌር ላይ በበጎ ፈቃድ መሥራት ለሥራ ያበቃል?

ሰማያዊ_ሸራ
ሰላም ለሁላችሁ። ሥነ ጥበብ ተምሬ ከጨረስኩ ብዙም አልቆየሁም። ከመሳሉ ይልቅ የሚስበኝ ኤግዚቢሽን ማዘጋጀት ነው። የትኛው ሥራ ከየትኛው ጎን ይሰቀል፣ ጎብኚው መጀመሪያ ምን ይይ፣ ምን ይጻፍለት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳስብ መሽቶ ይነጋል። ግን ባመለከትኩበት ሁሉ «ልምድ አለሽ?» ነው። ሳይቀጥሩኝ ልምዱን ከየት ላምጣው?

አሁን አንድ አርት ፌር (ጋለሪዎች ተሰባስበው የጥበብ ሥራ የሚሸጡበት ትርኢት) በጎ ፈቃደኞች ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ አመለከትኩ፣ ተቀበሉኝ። ክፍያ የለውም። ቤት ውስጥ «በነፃ የለመደ ነገ ከፍሎ ይቀጥርሻል?» እያሉኝ ነው። እኔም ልቤ ለሁለት ተከፍሏል።

ሌላው ደግሞ ቅጹ ላይ የት መመደብ እንደምፈልግ ይጠይቃል። መግቢያ በር፣ የመረጃ ጠረጴዛ፣ የውይይት መድረክ፣ የልጆች ክፍል፣ ዝግጅትና ማፍረስ የሚሉ ምርጫዎች አሉ። ሰው ሁሉ በበሩ ስለሚያልፍ መግቢያ በር ልል ነው። ምን ትላላችሁ? እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ከዳሱ_ጀርባ
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ጋለሪ ውስጥ ነው የምሠራው። አርት ፌር ላይ ዳስ፣ ማለትም ሥራዎቻችንን የምንሰቅልበትን ክፍል፣ ይዘን እንወጣለን። ረዳት ሲያስፈልገን መጀመሪያ የሚታወሱን እዚያ ሲሠሩ ያየናቸው ልጆች ናቸው። ስለዚህ አዎ፣ ዋጋ አለው። ዋጋውን የሚወስነው ግን የት እንደተመደብሽ ነው።

መግቢያ በር ላይ ሰው ሁሉ ያልፋል እንጂ ማንም ቆሞ አያወራሽም። ትልቁ የጥበብ ሥራ ሰብሳቢም ሆነ የሙዚየሙ ኪውሬተር (ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጀው ባለሙያ) ትኬቱን አሳይቶ ወደ ውስጥ ነው የሚቸኩለው።

አንቺ «ዝግጅትና ማፍረስ» የሚለውን ምረጪ። ብዙው ልጅ ይሸሸዋል፤ አቧራ አለው፣ ልብስ ያቆሽሻል፣ ፎቶ ላይም አያምርም። እኛን ግን የምታገኚን ያን ጊዜ ነው። ከመክፈቻው በፊት ባለው ቀን የጋለሪው ባለቤት ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ ወለል ላይ ተንበርክኮ ሳጥን ይፈታል። አንዱ ሥራ በመንገድ ዘግይቶበታል፣ ግድግዳው ካሰበው አንሶበታል፣ መብራቱ ስዕሉ ላይ ያንጸባርቅበታል። በዚያ ሰዓት መቀስ ወይም ሜትር ሳይጠይቅሽ ያቀበልሽው ከሆነ ስምሽን ይጠይቃል።

ደግሞ አንቺ የፈለግሽው ትምህርት ያለው እዚያው ነው። ሥራዎቹ ገና ወለል ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሳለ «ይሄን ከዚህ አርቀው፣ ቀዩ ያንን ይውጠዋል» ሲባባሉ ትሰሚያለሽ። በሩ ከተከፈተ በኋላ ያ ንግግር የለም። የተሰቀለው ብቻ ይታያል፤ ለምን እንደዚያ እንደተሰቀለ የሚነግርሽ አይኖርም።

ደመወዝ_ይከበር
ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን አንድ ነገር በግልጽ ይነገር። አርት ፌር ንግድ ነው። ከጅምሩም ንግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን፣ ኮሎኝ ላይ 18 ጋለሪዎች ተሰባስበው ሲጀምሩት ስሙን የጥበብ ገበያ ነው ያሉት። የስዊዘርላንዱን ፌር አርት ባዝልንም በ1970 የመሠረቱት ኤርንስት ባየለር፣ ትሩድል ብሩክነርና ባልዝ ሂልት የጋለሪ ሰዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ10 አገሮች 90 ጋለሪዎች መጡ። ጋለሪው ለዳሱ ይከፍላል፣ ጎብኚው ለትኬት ይከፍላል፣ ስፖንሰሩም ይከፍላል። ታዲያ ስዕሉን የሚያወጣና የሚያወርደው ልጅ ብቻ ለምን በነፃ?

ይህ የኔ ብሶት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ ለትርፍ የቆመ የግል ድርጅት ሰውን «በጎ ፈቃደኛ» ብሎ ያለ ክፍያ እንዲያሠራ የፌዴራሉ የሥራ ሕግ አይፈቅድለትም። በሌላውም አገር እንደየሕጉ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። በነፃ መሥራት የሚችለው ማነው? የቤት ኪራዩን ሌላ ሰው የሚከፍልለት ነው። በዚህ በር ብቻ የሚገባ ከሆነ ነገ ጋለሪውንም ሙዚየሙንም የሚይዙት ከአንድ ዓይነት ቤት የወጡ ሰዎች ብቻ ይሆናሉ። ጎበዝ ሆኖ ኪሱ ባዶ የሆነው ልጅ ውጭ ይቀራል።

እህታችን አትሂጂ አልልሽም። ከመሄድሽ በፊት ግን ጠይቂ። አዘጋጁ ለትርፍ የቆመ ነው ወይስ አይደለም? ትራንስፖርትና ምግብ ይችላል? ፈረቃው ስንት ሰዓት ነው? ከባድ ነገር ስታነሺ ብትጎጂ ማን ያሳክምሻል? ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ አዘጋጅ ካጋጠመሽ አካሄዱ ከወዲሁ ታውቋል።

ከዳሱ_ጀርባ
@ደመወዝ_ይከበር በዚህ አልከራከርህም። እንዲያውም ልጨምርበት። በበጎ ፈቃድ ከአንድ ፌር በላይ ለአንድ አዘጋጅ አትሥሪ። ሁለተኛ ሲጠሩሽ «ባለፈው ይህንና ይህን ሠርቻለሁ፤ ዘንድሮ አበል ያለው ምድብ አለ ወይ?» በያቸው። ብዙ ፌሮች የቡድን መሪ የሚሏቸው፣ በጎ ፈቃደኞችን የሚያስተባብሩ ሰዎች ይፈልጋሉ፤ ለነሱ የሚከፍሉም አሉ። ካልጠየቅሽ ማንም ጠርቶ አይሰጥሽም።

ውሃ_ልክ
እኔ ሥራዬ ስዕል መስቀል ነው። ከዳሱ_ጀርባ ያለችው ልክ ነው፤ ዝግጅቱ ላይ ግቢ። ስትመጪ ግን አንድ ሒሳብ ይዘሽ ነይ፤ ሚስማሩ የት ይመታ የሚለውን።

የስዕሉ መሃል ከወለሉ ብዙ ጊዜ ከ145 እስከ 155 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዲውል ይደረጋል፤ የቆመ ሰው ዓይን የሚያርፍበት ነው። 150 ብለን እንያዝ። የስዕሉ ቁመት 80 ከሆነ ግማሹ 40 ነው። ከጀርባ ያለውን ሽቦ መሃሉ ላይ በጣትሽ ወደ ላይ ሳቢውና ከሽቦው እስከ ፍሬሙ የላይ ጫፍ ለኪ። 10 ሆነ እንበል። 150 ላይ 40 ደምረሽ 10 ትቀንሻለሽ። ሚስማሩ 180 ላይ ይመታል። በቃ። ይህን ከአፍሽ የሰማ ሰው ሜትሩን ራሱ ያቀብልሻል።

አያያዙም አለ። ስዕል በሁለት እጅ ነው፤ አንዱ ከሥር፣ አንዱ ከጎን። በሽቦው አይነሳም፤ በፍሬሙ የላይኛው እንጨትም አይነሳም። ጓንት ሲሰጡሽ የናይትራይሉን፣ ላስቲክ የሚመስለውን፣ ምረጪ፤ የጥጡ ያንሸራትታል። ብዙ ስዕል ግድግዳ ላይ ማስደገፍ ካስፈለገ ፊት ለፊት፣ ጀርባ ለጀርባ ይሁን። አለዚያ የአንዱ መስቀያ ብረት የሌላውን ፊት ይፍቀዋል። ወደ ኋላሽ አትራመጂ። ጀርባሽ ላይ ቦርሳ አይኑር። ከዳስ ወደ ዳስ ስትሄጂ መንገዱን መጀመሪያ ባዶ እጅሽን እይው፣ ከዚያ ሥራውን ተሸክመሽ ሂጂበት።

ያልገባሽን ጠይቂ፤ በጥያቄ የሚናደድ ስዕል ሰቃይ አላውቅም። የምንናደደው ሳይጠይቅ ሳጥን የሚከፍት ሲመጣ ነው።

ሰማያዊ_ሸራ
እግዜር ይስጥልኝ። እያነበብኩ ሁሉንም እየጻፍኩት ነው። አንድ ፍርሃት ግን አለብኝ። ውድ ሥራ እጄ ላይ ቢሰበርስ? በሌለኝ ገንዘብ ዕዳ ውስጥ መግባት አልፈልግም።

ውሃ_ልክ
ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። በየካቲት 2023 ማያሚ ውስጥ አንድ ፌር ላይ የሆነውን ሰምተሽ ይሆናል። የአሜሪካዊው አርቲስት የጄፍ ኩንስ ሥራ፣ በፊኛ የተሠራ የሚመስል ሰማያዊ የፖርሴሊን ውሻ፣ ከቆመበት ወድቆ እንክትክቱ ወጣ። የጣለችውም ጎብኚ ናት፤ ያውም በመክፈቻው ምሽት። 799 ቅጂ የነበረው ሥራ 798 ቀረ ተባለ። ለገንዘቡ ኢንሹራንስ አለ።

ላንቺ ዋናው ነገር ከመጀመሪያው መነጋገር ነው። «በጥበብ ሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስ በጎ ፈቃደኛው ይጠየቃል?» ብለሽ አዘጋጁን ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ያዢ። ደግሞ በጎ ፈቃደኛ ብቻውን ሥራ እንዲያነሳ መታዘዝ የለበትም። ሠልጥኖ የሚሠራ ሰው አጠገብሽ ከሌለ «አብሮኝ የሚይዝ ሰው እጠብቃለሁ» በይ። ይህ አያሳፍርም፤ እኛም እንዲሁ ነው የምንለው።

ከዳሱ_ጀርባ
ስለ ጉዳት ካነሳን ኮንዲሽን ሪፖርት የሚባለውን ቅጽ ተማሪ። ሳጥኑ ሲከፈት ሥራው በምን ይዞታ እንደደረሰ የሚጻፍበት ነው። ሲታሸግም እንደገና ይታያል። ጋለሪውና ኢንሹራንሱ ቢከራከሩ የሚመዘዘው ይሄ ወረቀት ነው።

አሠራሩን ልንገርሽ። መብራቱን ፊት ለፊት አታድርጊው። የእጅ ባትሪ ወይም የስልክሽን መብራት ከጎን፣ ከስዕሉ ገጽ ጋር ጠፍጠፍ አድርገሽ ያዢው። ያን ጊዜ የቀለሙ ጉብታ፣ ስንጥቁ፣ ሸራው የረገበበት ሁሉ ጥላ እየጣለ ይታይሻል። ከዚያ በቃል ታሰፍሪዋለሽ። «ትንሽ ተጎድቷል» አይባልም። «ከታች በግራ ጥግ፣ ከጠርዙ 4 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አግድም ጭረት» ይባላል። ፎቶው አንድ ከሩቅ፣ አንድ ከቅርብ ይነሳል። ቀን ይጻፋል፣ ይፈረማል።

ለኪውሬተርነት ይሄ ምን ያደርግልኛል እንዳትዪ። ስዕልን እንዲህ ተጠግቶ ያየ ዓይን ሌላ ዓይን ነው። ደግሞ ጀርባውን አገላብጠሽ ታያለሽ። ሥራው የት የት እንደታየ፣ ማን እጅ እንደነበረ የሚናገሩ ወረቀቶች የሚለጠፉት እዚያ ነው። የኔ የምንጊዜም ደስታ እሱን ማንበብ ነው።

ከሰል
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፤ እኔ ሰዓሊ ነኝ። ስዕሎቼን ስልኬ ላይ ይዤ በበጎ ፈቃደኝነት ብገባ ለጋለሪዎች ማሳየት እችላለሁ? የገባሁበት ዋና ምክንያት እሱ ቢሆን ነውር ነው?

ከዳሱ_ጀርባ
ነውር አይደለም ወንድሜ፤ ግን አይሠራም። ጋለሪው ለዚያ ዳስ ብዙ ወጪ አውጥቶ፣ በጥቂት ቀን ሸጦ መመለስ አለበት። አንተ ስልክህን ስትዘረጋለት አንድ ሰብሳቢ ከኋላህ ቆሞ ሊሄድ ይችላል። በጎ ፈቃደኛ የሚል ካርድ አንገትህ ላይ ካለማ የባሰ ነው፤ አዘጋጁን ነው የሚያሳጣው።

የሚሠራውን ልንገርህ። መጀመሪያ ያ ጋለሪ የማንን ሥራ እንደሚይዝ አጥና። ያንተ ሥራ ከነሱ ጋር ይሄዳል? ካልሄደ እለፈው። ከሄደ በዳሱ ስላለ ስለ ሌላ ሰው ሥራ ጠይቅ፤ ከልብህ የገረመህን። በመጨረሻዎቹ ሰዓቶች ሰው ሲሳሳ ወሬ ይኖራል። «ሰዓሊ ነህ እንዴ?» ብለው ራሳቸው ከጠየቁህ አጭር መልስ ስጥና አድራሻ ተቀበል። ሥራህን ከፌሩ በኋላ ጋብ ሲል፣ በኢሜይል ላክ። አምስት ስድስት ምስል ይበቃል። ከእያንዳንዱ ሥር ርዕስ፣ ዓመት፣ ምን ላይ በምን እንደተሠራ፣ መጠኑ ቁመት ቀድሞ ስፋት ተከትሎ። ሕትመት ከሆነ የቅጂው ቁጥር፣ 3/25 እንደሚባለው፤ ከ25 ቅጂ ሦስተኛው ማለት ነው። ይህን አስተካክሎ የሚልክ ሰዓሊ ደብዳቤው እስከ መጨረሻው ይነበባል።

ከሰል
ተረድቻለሁ። አመሰግናለሁ እህቴ።

ጡረተኛው_መምህር
ልጆቼ፣ መልካም ውይይት ነው። ለልጄ ለሰማያዊ_ሸራ ጥቂት ልጨምር።

ኪውሬተር መሆን ከፈለግሽ አርት ፌርና ቢየናሌ (በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ትልቅ ኤግዚቢሽን) አንድ እንዳልሆኑ ለይተሽ ያዢ። ፌር የሚሸጥበት ነው፤ ዳሱን የሚይዙት ጋለሪዎች ናቸው። እንደ ቬኒስ ቢየናሌ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1895 የተጀመረው፣ ወይም በ1955 ጀርመን፣ ካሰል ከተማ ላይ የተጀመረው ዶኩሜንታ ግን በኪውሬተር ሐሳብ ዙሪያ የሚሰባሰብ ኤግዚቢሽን ነው። ፌር ላይ የገበያውን ሰው ታውቂያለሽ፤ ቢየናሌ ላይ የኤግዚቢሽን አዘጋጁን። ሁለቱንም ማየት ይጠቅማል። በአንዱ ፌር ብቻ ኪውሬተር እሆናለሁ ብለሽ አትጠብቂ።

ነገር ግን ፌሮችም የውይይት መድረክ አላቸው። ቱሪያ ኤል ግላዊ በ2013 ለንደን ላይ የጀመረችው 1-54 የተባለው የአፍሪካ ጥበብ ፌር ስሙን ያገኘው ከአፍሪካ 54 አገሮች ነው። እሱም ከሽያጩ ጎን የውይይት መድረክ አለው። በእንዲህ ያለው መድረክ ላይ የሚመደብ በጎ ፈቃደኛ ተናጋሪዎቹን ይቀበላል፣ ማይክ ያስተካክላል፣ ውሃ ያቀርባል። ንግግሩንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል። ስለዚህ ልጄ፣ በዝግጅቱ ቀን ከነሱ ጋር ሁኚ፤ ፌሩ ሲከፈት ደግሞ ወደ መድረኩ እንዲመድቡሽ ጠይቂ።

ሌላው ነገር ጽሑፍ ነው። ማታ ማታ ካየሻቸው ሥራዎች አንዱን ምረጪና አንድ ገጽ ጻፊ። ዳሱ ውስጥ የት እንደነበረ፣ ከጎኑ ምን እንደነበረ፣ ሰው እንዴት ይቆምበት እንደነበረ ጻፊ። የኪውሬተር ሥራ እኮ ግማሹ ጽሑፍ ነው። ቀጣሪ ልምድሽን ሲጠይቅ «በጎ ፈቃደኛ ነበርኩ» ከማለት እነዚያን ገጾች ማቅረብ ይሻላል።

ደመወዝ_ይከበር
መምህር፣ ያሉት ልቤ ገብቷል። በተለይ ጽሑፉ። እሱ የራሷ ንብረት ነው፤ አዘጋጁ ከፈላት አልከፈላት የማይወስድባት ነገር ነው።

አንድ ነገር ብቻ። ሲቪ ላይ ሲጻፍ «በጎ ፈቃደኛ» ብቻ ተብሎ እንዳይቀር። «የኮንዲሽን ሪፖርት ሞልቻለሁ፣ ስዕል በመስቀልና በማሸግ ረድቻለሁ፣ የውይይት መድረክ አስተባብሬያለሁ» ይባል። ሥራው ሥራ ነው፤ ክፍያ ስላልነበረው ስሙን አናሳንሰው። የምስክር ወረቀቱም የሠራችውን ዘርዝሮ እንዲጻፍ ከማፍረሻው በፊት ትጠይቅ። ከፌሩ በኋላ አዘጋጆቹ ይበተናሉ፣ ስልክም አያነሱም። አንድ ዘመዴ ይሄው ደርሶባታል፤ ወረቀቱን ዛሬ ነገ ሲሏት ቀረ።

ሰማያዊ_ሸራ
መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሁላችሁንም። ቅጹን ቀይሬዋለሁ፤ ዝግጅትና ማፍረስ አንደኛ፣ የውይይት መድረክ ሁለተኛ። ለአስተባባሪዋ ልልከው ያሰብኩት መልእክት ይኸውላችሁ፤ ቢታረም ደስ ይለኛል።

«ጤና ይስጥልኝ። በበጎ ፈቃደኝነት ስለተቀበላችሁኝ አመሰግናለሁ። በሥራዎች ዝግጅትና ማፍረስ ላይ፣ ፌሩ ሲከፈት ደግሞ በውይይት መድረኩ ብመደብ ደስ ይለኛል፤ ወደፊት በኤግዚቢሽን ዝግጅት መሥራት ስለምፈልግ ነው። ከመጀመሬ በፊት ጥቂት ነገሮች ባውቅ ይጠቅመኛል። ፈረቃው ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ነው? ትራንስፖርትና ምግብ ይሸፈናል ወይ? በጥበብ ሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስ ወይም እኔ ብጎዳ ኃላፊነቱ የማን ነው? በመጨረሻም የሠራሁትን የሚዘረዝር የምስክር ወረቀት ማግኘት እችላለሁ ወይ?»

ጥያቄ አብዝቻለሁ?

ከዳሱ_ጀርባ
አላበዛሽም። አንድ ብቻ ልለውጥልሽ፤ «ደስ ይለኛል» ባልሽበት ላይ ምን ማድረግ እንደምትችዪ ጨምሪ። «ሜትርና ውሃ ልክ መጠቀም እችላለሁ፣ የኮንዲሽን ሪፖርት አሞላል እያጠናሁ ነው» በይ። ምድብ የምታወጣው ሴትዮ ብዙ ስም ፊቷ ተደርድሯል፤ የሚጠቅማትን ነው የምትፈልገው።

ውሃ_ልክ
ውሃ ልኩን እስክትሄጂ ተለማመጂበት እንግዲህ። ቤትሽ ያለ ፍሬም ይበቃል፤ ሦስት የተለያየ መጠን ያላቸው ስዕሎች መሃላቸው አንድ መስመር ላይ እንዲውል ስቀዪ። እሱን ከቻልሽ ዳሱ ውስጥ አትቸገሪም። የተዘጋ ጫማ አድርጊ፤ ቀለበትና ረጅም ሐብል ቤት ይቅር፣ ሸራ ይቧጭራል።

ሰማያዊ_ሸራ
እሺ፣ ሁለቱንም አስተካክዬ ዛሬ ማታ እልከዋለሁ። ከሰል፣ አንተም ካመለከትክ በዝግጅቱ ቀን እንገናኝ።

ከሰል
ቅጹን አሁን እየሞላሁ ነው። ዝግጅትና ማፍረስ ብያለሁ።